ባትሪው መልኩ አንድ፣ ስራው ለየቅል
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰላም እንደምን ሰነበታችሁ የአምዳችን ወዳጆች። ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አሮጌ ኤሌክትሪክ ሞተር ባትሪ ናቸው፣ እኔም አልገረመኝም፣ የቤንዚን ወረፋውም ዋጋውም እንዲህ ሲሆን ግቢ ጥግ ሸራ ለብሳ የቆመችውን ሞተር ያላስታወሰ ሰው የለም። ችግሩ ሞተሯ ደህና ናት፣ የሞተው ባትሪዋ ነው፣ ይዛው የመጣችውን ባትሪ ደሞ በስሙ ብትጠይቁ ደሴም ኮምቦልቻም የሚያውቀው ሱቅ የለም። ስለዚ የዛሬውን አምድ ሙሉውን ለዚሁ ሰጥቼዋለሁ። የመጀመሪያውን ጥያቄ ረዘም አርጌ ነው የምመልሰው ምክንያቱም የሌሎቹም መልስ ግማሹ እዛ ውስጥ ነው ያለው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የምጽፈው ከደሴ ሰኞ ገበያ ነው። በ2011 አዲስ አበባ የገዛኋት ኤሌክትሪክ ሞተር አለችኝ፣ 72 ቮልት ናት፣ ወንበሯ ስር ስድስት ባትሪ ይዛለች። በ2014 ከደሴ ስንወጣ ቤት ቆልፌባት ሄጄ ስመለስ ባትሪዋ ሞቶ ጠበቀኝ፣ ያኔ ስድስቱንም ቀየርኩ። አሁን ደሞ እሱም ደከመ። ድሮ ብቻዬን ከሆንኩ ኮምቦልቻ ወርጄ እመለስባት ነበር፣ ዛሬ ከጢጣ ፒያሳ ለመድረስ እንኳን እየተሳቀቅኩ ነው። ሱቅ ለሱቅ ስዞር አራት አይነት መልስ አገኘሁ። አንዱ መጠኑ ልክክ የሚል 12 ቮልት 18 የሚል ባትሪ አሳየኝ፣ ርካሽ ነው። ሁለተኛው የመኪና ባትሪ ግዛና ሳጥን በብየዳ እናሰፋልሃለን አለኝ። ሶስተኛው ግራፊን የሚባል አለ እሱ ሊቲየም ማለት ነው ብሎ ዋጋውን ሰቀለብኝ። አራተኛው ያንተ ብራንድ ከገበያ ጠፍቷል ሞተሯን ሽጣት አለ። የቱን ልመን?

መልስ፦ ወንድሜ አብሽር፣ አትሸጣትም። ሲጀመር ብራንዱን እርሳው። ጎማዋን የሚያዞረው ዲናሞም፣ ለዲናሞው የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረው ኮንትሮለርም የባትሪውን ስም አያነቡም፣ የሚያውቁት ስንት ቮልት እንደመጣላቸውና ዳገት ላይ ሲጠይቁ ስንት አምፔር እንደሚያገኙ ብቻ ነው። አንተ መፈለግ ያለብህ ያንን ብራንድ ሳይሆን ያንን አይነት ባትሪ ነው፣ አይነቱ ደሞ አሮጌው ላይ ተጽፏል። ከወንበሩ ስር አንዱን አውጣና አቧራውን በጨርቅ ጠርገህ ጎኑን አንብበው፣ 6-ዲዜድኤም-20 ወይም 6-ዲዜድኤፍ-20 የሚል ታገኛለህ ብዬ እገምታለሁ። የፊተኛው 6 ውስጡ ስድስት ባለ 2 ቮልት ክፍል አለ ማለት ነው፣ 12 ቮልት የሚሆነው ለዛ ነው። መሃል ያሉት ፊደሎች ባትሪው ለኤሌክትሪክ ብስክሌትና ሞተር ተብሎ የተሰራ መሆኑን ነው የሚናገሩት። የመጨረሻው 20 አምፔር ሰዓቱ ነው፣ ማለትም ሲሞላ የሚይዘው መጠን። የፈለገው ፋብሪካ ይስራው፣ ይሄ ጽሁፍ ካለበትና ሳጥኑ ውስጥ ከገባ ያንተ ነው። ተለቅ ያሉ ሞተሮች ላይ 6-ኢቪኤፍ-32 የሚል ታያለህ፣ እሱም ጥሩ ባትሪ ነው ግን ተለቅ ያለ ስለሆነ ያንተ ሳጥን ውስጥ አይገባም፣ ሳጥኑን አሰፋለሁ ብትልም ቻርጀሩ ለ20 የተለካ ስለሆነ 32ቱን ለመሙላት ሌሊቱ አይበቃውም።

ልኬቱን በሜትር ያዘው፣ በግምት አትሂድ። ባለ 20ው ርዝመቱ 181 ሚሊ ሜትር፣ ወርዱ 77፣ ቁመቱ ወደ 170 ነው፣ ክብደቱ አንዱ ወደ 7 ኪሎ ይጠጋል። ክብደቱን ዝም ብዬ አይደለም የጠቀስኩት፣ ሱቅ ስትሄድ ትንሽ የእጅ ሚዛን ብትይዝ ብዙ ነገር ይነግርሃል። ሊድ ባትሪ ማለት እርሳስ ነው፣ እርሳሱ ከተቀነሰ ጉልበቱም ተቀንሷል፣ 20 ተብሎ ተጽፎበት 5 ኪሎ ብቻ የሚመዝን ባትሪ ጽሁፉ እንጂ ባትሪው 20 አይደለም።

አሁን ወደዛ ርካሹ እንምጣ፣ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። 12 ቮልት 18 የሚለው የዩፒኤስ ባትሪ ነው፣ ኮምፒውተር ስር መብራት ሲጠፋ የሚይዘው። ርዝመቱም 181 ነው፣ ወርዱም 77 ነው፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ብታስቀምጣቸው መንትያ ናቸው፣ ሳጥንህ ውስጥም ልክክ ብሎ ነው የሚገባው። ልዩነቱ ቁጥሩ የተለካበት ሰዓት ላይ ነው። የዩፒኤሱ 18 የተለካው በ20 ሰዓት ነው፣ ማለትም አንድ አምፔር እንኳን ሳይሞላ ቀስ እያለ 20 ሰዓት ሲሰጥ ተደምሮ 18 ይሆናል። ያንተ ባለ 20ው ግን የተለካው በ2 ሰዓት ነው፣ 10 አምፔር እየሰጠ ሁለት ሰዓት ይቆያል። ሞተር ደሞ ሜዳ ላይ 10 እና 15፣ ዳገት ላይ 25 እና 30 አምፔር ነው የሚጎትተው። የዩፒኤሱን ባትሪ እንዲህ ስትጎትተው ከ18ቱ 11 ወይም 12 ቢሰጥህ ነው፣ እሱም አዲስ እያለ። በዛ ላይ ዩፒኤስ ማለት አመቱን ሙሉ ሞልቶ ቁጭ ብሎ አንዳንዴ ብቻ እንዲሰራ የተሰራ ነው፣ በየቀኑ ጥርግ አርጎ መጨረስና መሙላት አይችልበትም።

ይሄን ከመጽሃፍ አይደለም የምነግርህ፣ በገንዘቤ ነው የተማርኩት። የዛሬ አራት አመት አካባቢ አንድ ሱቅ ይሄንኑ ስድስት ባትሪ ለሞተር ነው ብሎ ሸጦልኝ ነበር። የመጀመሪያ ሳምንት እጅ የሚያስቆርጥ ነበረ። ሁለት ወር ሳይሞላ ልጄን ከኋላ አድርጌ ከኮምቦልቻ ስወጣ ሐረጎ ጥምዝምዙ መሃል ላይ ሞተሯ ቀጥ አለች። ፀሃይዋ እየጠለቀች ነው፣ ከኋላ ከባድ መኪና ይመጣል፣ ልጄን አውርጄ ዳር አስያዝኳትና ወንበሩን ከፍቼ እጄን ባትሪዎቹ ላይ ሳደርግ አራቱ ለብ ያሉ ናቸው ሁለቱ ግን እጅ አያስነኩም፣ ጎናቸው አብጦ ከሳጥኑ ግድግዳ ጋር ተጣብቀው ነበር፣ በማግስቱ በፒንሳ ፈልቅቄ ነው ያወጣኋቸው። ሻጩ ጋ ስመለስ እኔ 12 ቮልት ጠየቅከኝ 12 ቮልት ሰጠሁህ አለኝ። ልጄ ያን ቀን እንዴት እንደፈራች አልረሳውም፣ ስለዚ ይሄን ባትሪ ለሞተር የሚገዛ ሰው ባየሁ ቁጥር ዝም ማለት አልችልም።

የመኪና ባትሪ ደሞ ከዚህም ይብሳል። የመኪና ባትሪ መኪናዋን ለማስነሳት ለጥቂት ሰከንድ ብዙ አምፔር ተፍቶ ወዲያው በዲናሞ እንዲሞላ ነው የተሰራው፣ ውስጡ ያሉት ዝርግ እርሳሶች ስስ ናቸው። እስከ ታች ድረስ ደጋግመህ ከጨረስከው በጥቂት ወር እርሳሱ ይረግፋል። ብዙዎቹ ደሞ አሲዳቸው ፈሳሽ ስለሆነ ሞተር ስትዘነብል ወይ ስትወድቅ ይፈስሳል፣ ከወንበር ስር አሲድ ማለት ምን እንደሆነ አስበው። ስድስት የመኪና ባትሪ ክብደቱ ብቻ ሌላ ሰው መጫን ነው። ሳጥኑን በብየዳ ማስፋቱም ሻንሲውን ያደክመዋል፣ ይቅርብህ።

ግራፊን የሚባለው መጥፎ ባትሪ አይደለም፣ ስሙ ነው የተጋነነው። ያው ሊድ አሲድ ነው፣ ውስጡ የካርቦን ነገር ተጨምሮበት ትንሽ ረዘም እንዲል የተደረገ። ሊቲየም አይደለም፣ አንስተህ ስትመዝነው ራሱ ይነግርሃል፣ ያው 7 ኪሎ ነው ወይ ከዛ በላይ። ያንተው ቻርጀር ይሞላዋል፣ ያንተው ሳጥን ይይዘዋል። ከተራው ትንሽ ጨመር አርገህ ብትገዛው አልቃወምም፣ በሊቲየም ዋጋ ከሆነ ግን ተታለሃል።

ይሄን ሁሉ ካልኩ በኋላ አንድ ነገር ልለምንህ፣ ብር ከማውጣትህ በፊት የሞተው በእርግጥ ባትሪው መሆኑን እይ። ብዙ ጊዜ ስድስቱ አንድ ላይ አይሞቱም፣ አንዱ ወይ ሁለቱ ነው ሌላውን ይዞት የሚወርደው። ሞተሯ ደክማ እንደቆመች፣ ሳትውል ሳታድር እዛው በቴስተር (በቮልት መለኪያ) እያንዳንዱን ለካ፣ ቤት ከደረስክ በኋላ ከለካህ የደከመው ራሱ አርፎ ቮልቱ ስለሚመለስ ያታልልሃል። አምስቱ 12 ምናምን ብለው አንዱ 10 ወይ 9 ካለ ወንጀለኛውን አገኘህ።

ሌላው ዘዴ ጊዜ ይፈልጋል ግን ውሸት የለበትም፣ ባለ 55 ዋት የመኪና የፊት መብራት አምፖል ግዛ፣ ሁለት ሽቦ አስቀጥልበት፣ ሞልቶ ያደረ ባትሪ ላይ ለብቻው አብራውና ሰዓት ያዝ። አምፖሉ ወደ 4 አምፔር ተኩል ነው የሚበላው። ቴስተሩን ቮልት ላይ አድርገህ ከባትሪው ሁለት ጫፍ ጋር አገናኝና በየ15 ደቂቃው እየው፣ 10.5 ቮልት ሲደርስ አጥፋ፣ ከዛ በታች አታውርደው ይጎዳል። ደህና ባለ 20 ባትሪ ከ4 ሰዓት በላይ ያበራል። ሁለት ሰዓት ካበራ ከ20ው 9 ነው የቀረው ማለት ነው፣ ግማሽ ሰዓት ካበራ እሱ እርሳስ እንጂ ባትሪ አይደለም። ስድስቱንም እንዲህ አርገህ በወረቀት ጻፍ፣ ቁጥሩ ራሱ ይመልስልሃል።

ቻርጀሩንም አትርሳው፣ የ72 ቮልት ሊድ ቻርጀር ሲሞላ ጫፉ ላይ 88 ቮልት አካባቢ መሆን አለበት፣ ለእያንዳንዱ ባትሪ 14.7 ይደርሰዋል። ከ90 በላይ ሲወጣ ካየኸው የድሮዎቹን ያደረቃቸው እሱ ነው፣ አዲሶቹንም እንደዛው ያደርቃቸዋል። ስንት ሰው አዲስ ባትሪ ገዝቶ በአሮጌ ቻርጀር ገድሎት ባትሪውን ሲራገም አይቻለሁ።

ባትሪውን ከየት ላምጣ ካልክ ከአዲስ አበባ ማዘዙ ጥሩ ነው፣ እዚሁ ደሴም የኤሌክትሪክ ባጃጅ መለዋወጫ የሚሸጡት ጋ ጠይቅ፣ የሚጠቀሙት የዚሁ ዘር ባትሪ ስለሆነ ያመጡልሃል። ስታዝ ስድስቱም ከአንድ ካርቶን ይሁኑ፣ ፋብሪካው አቻ አቻውን ለክቶ ነው የሚያሽገው። ሻጩ ከመላኩ በፊት እያንዳንዱን በቴስተር ለክቶ ፎቶ እንዲልክልህ አድርግ፣ አዲስ ባትሪ ከ12.8 በላይ ማንበብ አለበት፣ 12.4 እና ከዛ በታች ከሆነ መጋዘን ውስጥ ሳይሞላ ብዙ ቆይቷል ማለት ነው፣ ላስቲኩ ባይቀደድም አዲስ አይደለም። የተሰራበት ቀን ራሱ ባትሪው ላይ ስለሚመታ እሱንም ፎቶ አስነሳ። በአውቶብስ ከተላከ ጫፎቹ በፕላስተር ይጠቅለሉ።

ስትገጥም ሰዓትህንና ቀለበትህን አውልቅ፣ የመፍቻውን እጀታ በኢንሱሌሽን ፕላስተር ጠቅልል፣ መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፋ። ስድስት ባትሪ ተቀጣጥሎ ሲሞላ ከ75 ቮልት በላይ ነው፣ እንደ 12 ቮልት ንቀህ አትነካካው። ከመግጠምህ በፊት ነባሩን አቀጣጠል በስልክህ ፎቶ አንሳው። ሽቦዎቹ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ጠቆር ያለ ወይ የቀለጠ ካለ ቀይረው፣ ላላ ያለ ብሎን ዳገት ላይ ይግላል፣ አዲሱ ባትሪ የደከመ ያስመስለዋል።

ስለ ሐረጎ ደሞ እውነቱን ልንገርህ። ከኮምቦልቻ ደሴ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከፍታው ግን ከ600 ሜትር በላይ ይጨምራል። አንተ፣ ሞተሯና ከኋላ አንድ ሰው ተደምራችሁ 250 ኪሎ ብትሆኑ ያን ያህል ወደ ላይ ለመነሳት ብቻ 400 ዋት ሰዓት ያስፈልጋል፣ ዲናሞውና ኮንትሮለሩ በሙቀት የሚያባክኑት ሲጨመር ወደ 550 ይጠጋል፣ መንገዱ ራሱ ደሞ ሌላ 400 እና 500 ይበላል። ስድስቱ ባትሪህ በወረቀት ላይ 72 ሲባዛ በ20፣ 1440 ዋት ሰዓት ነው፣ ዳገት ላይ በኃይል ስትጎትተው ግን ይሄን ሁሉ አይሰጥህም፣ 1000 እና 1100 ቢሰጥ ነው። በህዳርና በታህሳስ የደሴ ብርድ ደሞ ጠዋት ላይ ከዛም ይቀንሳል። ስለዚ በአዲስ ባትሪም ቢሆን ሰው ጭነህ ስትወጣ ኮምቦልቻ ሞልተህ ነው መነሳት ያለብህ፣ ደሴ ሞልተህ ወርደህ በዛው እመለሳለሁ ማለት ብቻህን ስትሆን ነው የሚያዋጣው።

ጥያቄ፦ አሰላሙ አለይኩም፣ ከኮምቦልቻ ነው፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ እሰራለሁ። 60 ቮልት ሞተር አለኝ፣ አምስት ሊድ ባትሪ ነበረው። አሁን አንድ ልጅ ከመኪና ባትሪ ፈትቶ የሰራው 60 ቮልት 30 አምፔር ሊቲየም አለ ይለኛል፣ ዋጋው ከአዲስ ሊድ ብዙም አይርቅም። በድሮው ቻርጀርህ ትጠቀማለህም ብሎኛል። ይሆናል?

መልስ፦ ወአለይኩም ሰላም ወንድሜ። ሊቲየሙ ሀሳቡ ጥሩ ነው፣ ቻርጀሩ ግን አይሆንም፣ ይሄን በቀጥታ ነው የምነግርህ። ሊቲየም ብለን የምንጠራው ሁለት አይነት ነው። አንዱ ኤንኤምሲ የሚባለው እያንዳንዱ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፣ ለ60 ቮልት ሞተር ብዙ ጊዜ 17 ሴል ተቀጣጥሎ ነው የሚሰራው፣ ሲሞላ 71.4 ይሆናል። ሌላው ኤልኤፍፒ ነው፣ ሴሉ ሲሞላ 3.65 ነው፣ 20 ተቀጣጥሎ 73 ይሆናል። የድሮው የሊድ ቻርጀርህ እስከ 73 ተኩል ይሄዳል። ባትሪው ባለ 17 ኤንኤምሲ ከሆነ በየሌሊቱ ሁለት ቮልት ከልክ በላይ ትገፋዋለህ። ቢኤምኤሱ (ባትሪው ውስጥ ያለው የመጠበቂያ ሰርኪት) ይቆርጠዋል ይሉሃል፣ ልክ ነው ይቆርጣል፣ ግን ቢኤምኤስ የመጨረሻው ጠባቂ ነው እንጂ ቻርጀር አይደለም፣ በሩን ክፍት ትቶ በውሻው ብቻ ተማምኖ እንደማደር ነው። አንድ ቀን ቢኤምኤሱ ሲበላሽ ሞተሯ የምታድረው ሰው የተኛበት ቤት ውስጥ ነው። ከመኪና ተፈትቶ የመጣ ሴል ደሞ የቱ ስንት እንደቀረው ካልተለካ አንዱ ቀድሞ ሞልቶ ሌላው ይዘገያል።

ስለዚ ልጁን ሶስት ነገር ጠይቀው፣ ስንት ሴል ነው የቀጠልከው፣ አይነቱ የቱ ነው፣ ቢኤምኤሱ ስንት አምፔር ነው። ኮንትሮለርህ ላይ 30 አምፔር ተጽፎ ከሆነ ቢኤምኤሱ 40 እና ከዛ በላይ ይሁን፣ ባለ 20 ከሆነ ሜዳ ላይ ደህና ሄደህ ዳገት ስትጀምር ቀጥ ያደርግሃል። ሶስቱን አፉን ሞልቶ ካልመለሰልህ ተወው፣ ርካሽነቱ አያጓጓህ። የሚመልስልህ ከሆነና ኤልኤፍፒ ከሆነ ለሱ የተሰራ ባለ 73 ቮልት ቻርጀር ጨምረህ ውሰደው፣ እኔ ለኛ መንገድ የምመርጠው እሱን ነው፣ በእሳት በኩል ከኤንኤምሲው ረጋ ያለ ነው፣ ሊዱ በየቀኑ ጥርግ አርገህ ስትጠቀምበት 300 ዙር (አንዴ ሞልቶ መጨረስ አንድ ዙር ነው) አካባቢ ሲያገለግል እሱ ጥራቱ ደህና ከሆነ ከ2000 በላይ ይሄዳል። አምስቱ ሊድ ከ30 ኪሎ በላይ ነበሩ፣ እሱ የዛን ግማሽ ቢሆን ነው፣ ሞተሯ ራሷ ቀለል ስትል ይታወቅሃል።

አንድ ነገር ግን ከጅምሩ እወቀው፣ ኤልኤፍፒ ቮልቱ እየቀነሰ አይሄድም፣ ቀጥ ብሎ ቆይቶ መጨረሻ ላይ ነው ድንገት የሚወድቀው። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የባትሪ ምልክት የተሰራው ለሊድ ስለሆነ ሙሉ ነው ሙሉ ነው እያለህ በድንገት ባዶ ይሆናል። ምልክቱን አትመነው፣ በኪሎ ሜትር ቁጠር። ሌላው፣ ስትወርድ ፍሬን ስትይዝ ባትሪ የሚሞላ አይነት ሞተር ከሆነች ደሴ ላይ ጥርግ አርገህ ሞልተህ ቁልቁል አትነሳ፣ የሚሞላበት ቦታ ስለሌለው ቢኤምኤሱ ሊቆርጥና የኤሌክትሪክ ፍሬኑ ሊጠፋብህ ይችላል፣ ሁልጊዜም የእጅ ፍሬንህን ሸራ አስቀድመህ እይ።

ጥያቄ፦ ከሆጤ ነኝ። በቴስተር ሳስለካ ከስድስቱ አንዷ ብቻ ናት የሞተችው፣ እሷን ብቻ ብቀይርስ? ለስድስቱ የሚሆን ብር አሁን የለኝም።

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽ የብዙ ሰው ጥያቄ ነው። አምስቱ ገና ጥቂት ወር ያገለገሉ ከሆኑና ያንኑ አይነት ካገኘሽ ቀይሪ፣ አዲሷን ለብቻዋ ጥርግ አርገሽ ሞልተሽ ግጠሚያት። አምስቱ ሁለት ሶስት አመት የቆዩ ከሆኑ ግን አዲስ አትግዢ፣ ገንዘብሽን ነው የምታባክኚው፣ ቀጥሎ የደከመው ቶሎ ስለሚወድቅ ተመልሰሽ ሱቅ ነሽ። ለሱ የተሻለው ስድስቱን ሙሉ የቀየረ ሰው ጋ ሄዶ ከጣላቸው ውስጥ ደህናዋን መርጦ መውሰድ ነው። ከላይ በጻፍኩት አምፖል ለኪያት፣ የአንቺ አምስቱ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚያበሩ ከሆነ እሷም ወደዛ የምትጠጋ ትሁን፣ በጣም የምትበልጥም አያስፈልግሽም። እንዲህ አድርገው አንድ ክረምት ያሻገሩ ሰዎች አውቃለሁ፣ እስከዛ ትንሽ ትንሽ ታጠራቅሚያለሽ።

ጥያቄ፦ ከኩታበር። ሞተሬ 60 ቮልት ነው፣ መካኒኩ ስድስተኛ ባትሪ ልጨምርልህና 72 ሆኖ ዳገት ይብረር ይለኛል።

መልስ፦ ኮንትሮለሩን ፈትተህ ጽሁፉን አንብብ። 60/72 የሚል ከሆነ ይችላል፣ አንዳንዶቹ እንደዛ ናቸው። 60 ብቻ ከሆነ ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች የተመረጡት ለ60 ነው፣ ስድስቱ ሲሞሉ ከ80 በላይ ስለሚሆን ሊፈነዱብህ ይችላሉ። መብራቱንና ጡሩንባውን ወደ 12 የሚያወርደው ኮንቨርተርም የራሱ ልክ አለው፣ ቻርጀሩም መቀየሩ የግድ ነው። እሺ ሁሉም ቢሆንልህ እንኳን ስድስተኛው አዲስ አምስቱ አሮጌ ሆኖ አይሆንም፣ ለእህታችን የነገርኳት እሱንም ይመለከተዋል። ዳገቱ ካስቸገረህ መጀመሪያ ባትሪህን በአምፖሉ ለካ፣ ጎማህንም ንፋስ አስሞላ።

ጥያቄ፦ ስድስት አሮጌ ባትሪ ግቢ ውስጥ ተቀምጧል፣ አንዱ መሰንጠቅ ጀምሯል፣ ምን ላድርገው? ከደሴ።

መልስ፦ ዛሬውኑ ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ አንሳው። ውስጡ እርሳስና አሲድ ነው፣ እርሳስ አፈር ውስጥ ገብቶ አይጠፋም፣ አፈር በእጁ የሚነካ ህጻን አፉ ውስጥ ይገባል፣ የህጻን አእምሮ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ደሞ አይመለስም። አሲዱን ቦይ ውስጥ አትድፋው፣ ከዚህ የተደፋ ቦርከና ነው የሚገባው፣ ቦርከና ደሞ ታች ስንት ከብት ያጠጣል ስንት ማሳ ያለማል። እርሳሱን ቤት ውስጥ ማቅለጥም እንዳታስበው፣ ጭሱ ራሱ መርዝ ነው። አሮጌ ባትሪ የሚገዙ ሰዎች አሉ፣ በኪሎ ነው የሚገዙት፣ ሙሉውን ሳይከፈት ስጣቸው፣ ስድስቱ 40 ኪሎ ይሞላል፣ ለአዲሱ መግዣ ትንሽ ይደግፍሃል። የተሰነጠቀውን ጓንት አድርገህ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ አስቀምጠው፣ መሬት ላይ የፈሰሰ ካለ የመጋገሪያ ሶዳ (ቤኪንግ ሶዳ) በትንበት፣ መፍላቱ ሲያቆም በብዙ ውሃ የረጠበ ጨርቅ ጠርገህ ጨርቁን ከባትሪው ጋር ስጣቸው።